አማቴ በውሃ ቀለም

ሥዕል አይገባኝም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። ስለ ፍሬን ሸራ ጠይቁኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳስሼ የየትኛው መኪና እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ሥዕል ፊት ሲያቆሙኝ ግን እጄን ኪሴ ከትቼ «ቆንጆ ነው» ከማለት ሌላ የማውቀው የለም። «ታዲያ አንተ ምን ቆርጦህ ሥዕል ልታሠራ ሄድክ?» ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴ ሮማንም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። እስከ ዛሬም ትጠይቀኛለች።

ነገሩ የመጣው በአማቴ ነው፤ በሮማን አባት በጋሽ ተካ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ጋሽ ተካ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጭነት መኪና ነድተዋል። ከዝዋይና ከቡልቡላ ሽንኩርት፣ ከሻሸመኔ ድንች እየጫኑ በመቂ በኩል ወደ አዳማ ያመላልሱ ነበር። ደግ ናቸው፣ ዝምተኛ ናቸው፣ ፎቶ ደግሞ ይፈራሉ። ፎቶ መፍራት ስላችሁ ዝም ብዬ እንዳይመስላችሁ። የሠርጋቸውን ፎቶ አንድ ክረምት ጎርፍ ቤት ገብቶ አበላሸው፤ ከዚያ ወዲህ ካሜራ የያዘ ሰው ባዩ ቁጥር አንድ ሥራ ትዝ ይላቸዋል። በእኔና በሮማን የሠርግ ቪዲዮ ላይ ሁለት ቦታ ይታያሉ። አንዱ ላይ ከድንኳኑ ሲወጡ ከኋላ ነው። ሁለተኛው ላይ ጎንበስ ብለው የሙሽራውን መኪና ጎማ ሲያዩ ነው፤ ያም ከኋላ ነው። ልጃቸው እየተዳረች እሳቸው የጎማ ጥርስ ይመረምራሉ!

ካረፉ ዓመት አልፏል። አልታመሙም፣ ማንንም አላስቸገሩም፤ ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። ባለቤታቸው እማማ ዘነቡ ከቀብሩ በኋላ ስማቸውን አንድ ጊዜ አልጠሩም። «ተካ» ቀርቶ «እሱ» እንኳ አይሉም። እኛም ሆድ እንዳይብሳቸው እየፈራን ዝም እንላለን። በዚያ ቤት እሁድ እሁድ ስለ ሁሉም ነገር ይወራል፤ ስለ ጋሽ ተካ ብቻ አይወራም። ሙት ዓመቱ አንድ ወር ሲቀረው ግን እማማ ለሮማን እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን አይመጣልኝም።»

ሮማን ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንባዬን እንዳታይብኝ ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ «አትጨነቂ፣ እኔ አመጣላቸዋለሁ! ለሙት ዓመቱ ጋሽ ተካን ግድግዳቸው ላይ እሰቅልላቸዋለሁ!» አልኩ። ይህ አፌ ስንት ጊዜ ጉድ እንደሠራኝ ብዘረዝርላችሁ አንጨርስም።

መጀመሪያ የሄድኩት ሁሉም ሰው የሚሄድበት ነው። እንደምታውቁት የሞተ ሰው ፎቶ አድጎ፣ ፍሬም ገብቶ ሳሎን ይሰቀላል። እኛ ቤት የተገኘው አንድ ጉርድ ፎቶ፣ የመንጃ ፈቃዳቸው ነው። እሱ ላይ ጋሽ ተካ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሟቸው የሚከራከሩ ይመስላሉ። ባለ ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተሩ ከፍቶ አየና «ሱፍ ላልብሳቸው?» አለኝ። «አልብሳቸው» አልኩ። «ከረባትስ?» «እሰርላቸው» አልኩ። «ከኋላ ፏፏቴ ይግባ?» «ይግባ!» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ በሙሉ ጤንነቴ ነው ይግባ ያልኩት።

እማማ ዘነቡ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩት።

«ማን ነው?»

«ጋሽ ተካ ናቸዋ እማማ!»

«ይሄማ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው» አሉ። ሱፉንና ከረባቱን በመዳፋቸው ሸፍነው እንደገና አዩ። «ይሄም ቢሆን መንጃ ፈቃድ ነው እንጂ ፊት አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከምክ» አሉኝ።

እንዲህ ቅስሜ ተሰብሮ ስዞር አንድ ቀን ፍራንኮ አካባቢ ጁስ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ የውሃ ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። የአዳማ ነፋስ የሰፈሩን ልብስ በሙሉ ከገመድ ላይ አውርዶታል፤ ሸሚዞቹና ቀሚሶቹ ሰው ሳይኖርባቸው በሰልፍ ሆነው ሶደሬ ሊታጠቡ ይሄዳሉ። አንድ የጋሪ ፈረስ ቆሞ ያሳልፋቸዋል። ከሁሉም ኋላ አንዲት የሕፃን ካልሲ ብቻዋን ትሮጣለች። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ያቺ ካልሲ አንጀቴን በላችው። ትደርስባቸው ይሆን? ሌላዋ ካልሲ የት ሄደች? ይህን እያሰብኩ የአቮካዶ ጁሴ ሞቀ። ባለ ጁስ ቤቱን ብጠይቀው የሣለችው አንዲት ልጅ ናት አለኝ። ካልሲ ሥላ እንዲህ የምታሳዝን ሴት ለጋሽ ተካማ ምን አታደርግ ብዬ አድራሻዋን ተቀበልኩና ሄድኩ።

ሠዓሊዋ ሰሚራ ትባላለች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አዳማ ጨርቅ የሚነግዱ ናቸው፤ እሷ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ ትሥላለች። ስገባ ወረቀቱን በሙሉ ውሃ አጠጥታዋለች። ጠብታ ሰማያዊ ጣል አድርጋ ሰሌዳውን ወደ ጎን አዘነበለችውና ቀለሙ ወዴት እንደሚሄድ ቁጭ ብላ ታያለች። «አትመልሺውም?» አልኳት። «እሱ የሚሄድበትን ያውቃል» አለችኝ። እኔ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ብሠራ እስካሁን ከስሬ ነበር። መንጃ ፈቃዱን አውጥቼ ሰጠኋት። አየችውና መለሰችልኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ከፎቶ አልሥልም። ታሪካቸውን ይንገሩኝ።»

«የምን ታሪክ?»

«የእሳቸውን ነዋ። ምን ይወዱ ነበር? መንገድ ላይ የት ይቆማሉ? ምን ያስቃቸዋል?»

እዚህ ላይ እንግዲህ ተያዝኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ከጋሽ ተካ ጋር በአንድ ትሪ ምሳ በልቻለሁ። በዘጠኝ ዓመት የነገሩኝን ሁሉ በጭንቅላቴ ሰበሰብኩት፤ «ብላ»፣ «ጨምር»፣ «ጎማህን አሳየው»። እኔስ ምን ጠየቅኳቸው? «ማርሹ ተስተካከለ?» በቃ፣ ይኸው ነው። ሲስቁ አይቻለሁ። ምን እንዳሳቃቸው ግን ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ። ሌላው ሰው ሲያፍር ዝም ይላል፤ እኔ ሳፍር አፌ ይከፈታል።

«ፍየል ነበረቻቸው» አልኩ።

ይቺ ፍየል ከየት እንደመጣች እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ፍየል?» አለች ሰሚራ፤ ዓይኗ በራ።

«አዎ! ጋቢና፣ ከጎናቸው ነው የምትቀመጠው። ብርድ እንዳይመታት አንገቷ ላይ ሻርፕ ያስሩላታል።»

በዝዋይ ሙቀት ለፍየል ሻርፕ! ግን አንዴ ከተጀመረ ማን ይይዘኛል? ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚለቅሙትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን፣ ሁሉንም በስም ያውቋቸዋል አልኩ። አንዳንዴም ሽንኩርቱ ላይ ጭነው ይወስዷቸዋል አልኩ። ላንጋኖ ሲደርሱ መኪናውን አቁመው፣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ይዘፍናሉ አልኩ። ጋሽ ተካ ሲዘፍኑ! ሰሚራ ምንም አትጽፍም፤ ብሩሿን ውሃ ውስጥ እያዞረች ትሰማኛለች። እኔም ሰሚ አገኘሁ ብዬ ጨመርኩበት። ስጨርስ ላብ አጥምቆኝ ነበር።

«እንዴት ደስ የሚሉ ሰው ነበሩ» አለችኝ።

«በጣም» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። በገዛ ውሸቴ አለቀስኩላችሁ።

ሥዕሉን የተረከብኩት ለሙት ዓመቱ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የምነግራችሁ ሥዕል የማይገባው ሰው መሆኔን አትርሱ፤ ግን አፌን ይዤ ቆምኩ። ሰማያዊ የጭነት መኪና በላንጋኖ ቡናማ ውሃ ላይ ይሄዳል፤ ጎማው ሐይቁን እንደ አስፋልት ረግጦታል። ከኋላው ሽንኩርቱ ፊኛ እየሆነ፣ ወይን ጠጅ መልክ እየያዘ ወደ ሰማይ ይወጣል። አባ ኮዳዎቹ ጭነቱ ላይ ተደርድረው እያንዳንዳቸው ትኬት ይዘዋል። ፍየሏ ሻርፗን አድርጋ በኩራት ተቀምጣለች። ከመሪው ኋላ ባርኔጣ ያደረገ ሰው አንድ ክንዱን በመስኮት አውጥቷል። ክንዱን ሳይ ደነገጥኩ፤ የጋሽ ተካ ክንድ ነው። ከክንዱ ዓይኔ ወደ ፊቱ ወጣ። ፊት የለም። ባዶ ነጭ ወረቀት ነው።

«ሰሚራ፣ ፊታቸው የታለ?»

«አልነገሩኝም» አለች በእርጋታ።

«እንዴት አልነገርኩሽም? አንድ ሰዓት ሙሉ ሳወራ አልነበር?»

«ስለ ፍየሏ ብዙ ነገሩኝ ጋሼ። ስለ እሳቸው ግን ምንም አልነገሩኝም። የማላውቀውን ነጭ እተወዋለሁ።»

ሥዕሉን ተሸክሜ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ እስክገባ ድረስ አንገቴን ቀና አላደረግኩም።

ቤት ማንም የለም፤ ሮማን ለድግሱ እናቷ ጋ ሄዳለች። ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን ተመላለስኩ። እማማ «ፊቱ ጠፋብኝ» እያሉ ፊት የሌለው ሰው ልውሰድላቸው? ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መንጃ ፈቃዱን በፎቶ ኮፒ አሳድጌ አስነሳሁ። ፊቱን በመቀስ ዙሪያውን ቆረጥኩ። ከዚያ ኮላ ቀብቼ ነጩ ቦታ ላይ ለጠፍኩት።

ኮላው እርጥብ ነው። የውሃ ቀለም ደግሞ ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲያገኝ እንደገና ይነሳል፤ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የባርኔጣው ጥቁር ወደ ግንባር ወረደ። ላንጋኖ ወደ አገጭ ወጣ፤ ጋሽ ተካ ጺም አበቀሉ። «ቶሎ ልጥረገው» አልኩ። እኔ አዳማ ያደግኩ ሰው ነኝ። እኛ አቧራ ሲያስቸግረን ሁሉንም ነገር በእርጥብ ጨርቅ እንወለውላለን፤ ጠረጴዛውንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ የቅዱሳኑን ሥዕል ሳይቀር። እጄ ሳያማክረኝ እርጥብ ጨርቅ አነሳ። አንዴ ስጠርግ የላንጋኖ ግማሽ ሄደ። ሁለተኛ ስጠርግ ሦስት አባ ኮዳዎች ከነትኬታቸው ጠፉ። በዚህ ተውኩት ብላችሁ ደስ ባለኝ። የሮማንን የፀጉር ማድረቂያ አምጥቼ ነፋሁበት፤ ወረቀቱ ተኮማተረ፣ ሽንኩርቱ እርስ በርሱ ተደባልቆ አንድ ትልቅ ሽንኩርት ሆነ። ፍየሏን ብቻ ምንም አልነካትም። ያቺ ያልነበረች ፍየል ፀጉሯ እንኳ ሳይዛነፍ ትመለከተኛለች። ሩጬ ፍሬም ቤት ሄድኩና መስታወት አስገባሁበት።

እሁድ ጸሎቱ ደረሰ፣ ሰው በላ ጠጣ። ሥዕሉን ሳሎን ሰቅዬ ነጠላ ሸፍኜበታለሁ። እንግዶቹ መሀል ኦቦ ገመቹ አሉ፤ የጋሽ ተካ የመንገድ ጓደኛ፣ እሳቸውም የጭነት ሹፌር የነበሩ፣ ለዚሁ ብለው ከሻሸመኔ የመጡ ናቸው። «አካም ጅርቱ» እያሉ ሰውን ሰላም ብለው ከእማማ ጋር ሳሎን ገቡ። እማማ ነጠላውን ያዝ አድርገው ወደ እኔ ዞሩና «ይሄን ነው ያመጣህልኝ?» አሉ። «አዎ» አልኩና ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ። ነጠላውን ሳቡት።

ራሱ ከትከሻው የሚበልጥ፣ ጺማም፣ ግንባሩ የጠቆረ፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር የሚከራከር ሰው ሻርፕ ካደረገች ፍየል አጠገብ ተቀምጦ ሁላችንም ላይ አፍጥጧል።

«ያ ዋቃ!» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ተካ ነው? ምን ሆኖ ነው?»

ሮማን በዓይኗ በላችኝ። እማማ ዘነቡ ጠጋ ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በቃ፣ ዓመት ሙሉ የቻሉትን ለቅሶ እኔ አስወጣሁት ብዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» እያልኩ ጎንበስ ብዬ ፊታቸውን ሳይ እየሳቁ ነው። ድምፅ አጥተው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ።

«ተካ!» አሉ። «ተካ እኮ ፍየል ይፈራ ነበር!»

ሮማን እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። ስሙን ጠሩት። ዓመት ሙሉ ከዚያ አፍ ያልወጣው ስም ወጣ።

«ዱጋ ነው፣ እውነቷን ነው!» አሉ ኦቦ ገመቹ ጭናቸውን እየመቱ። «ቡልቡላ ላይ አንዲት ፍየል ጋቢና ገብታ የጭነት ወረቀቱን በላችበት። ከዚያ ወዲህ ፍየል ካየ መስኮት ይዘጋል። መኪናውም ሰማያዊ አይደለም፤ ቀይ ነው!»

«ብርቱካን ነው» አሉ እማማ።

«ፀሐይ በልቶት ነው እንጂ ቀይ ነው።»

«አንተ ምን ታውቃለህ ገመቹ? የማጥበው እኔ!»

«ባርኔጣስ?» አልኩ እኔ ቀስ ብዬ።

«የምን ባርኔጣ? ፎጣ ነው ራሱ ላይ ጣል የሚያደርገው።»

«መዝፈንስ... ትንሽም አይዘፍኑ?»

«ተካ? ያፏጫል እንጂ። ያውም አንዱኑ፣ ያችኑ እያመላለሰ፣ ጆሮዬን እስኪያመኝ» አሉ እማማ፤ ሊያፏጩት ሞክረው ሳቅ አሸነፋቸው። ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ሳቅ ሰምቶ ተግተልትሎ ገባ። ሁሉም ያርማል፣ ሁሉም ይጨምራል። አንዱ ጋሽ ተካ ዝናብ ያገኛቸውን ገበያተኞች አሳፍረው እንደሚያደርሱ ተናገረ። ሌላው ሐብሐብ ሲገዙ በእጃቸው እንዴት አንኳኩተው እንደሚመርጡ አሳየ። እኔ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ የነበረን ሰው በአንድ ከሰዓት ተዋወቅኩት።

በመጨረሻ እማማ እንባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ለሠዓሊዋ ይሄን ሁሉ የነገራት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ዋሽቼ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አብሬያቸው ስበላ አንድ ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም። ምን ያስቃቸዋል ስትለኝ የምነግራት አጣሁ፤ አፈርኩ።»

«እሱም ወሬ አይችልም ነበር» አሉ እማማ። «ለእኔም ስንቱን ሳይነግረኝ ነው የሄደው። በል፣ ልጅቱን አምጣልኝ።»

ሰሚራ በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ መጣች። ሳሎን ገብታ ሥዕሏን ስታይ በቁሟ ቀረች። ጺሙን አየች። የጠፋውን ላንጋኖ አየች። ሮማን ከጀርባዬ በጣቷ ስትጠቁመኝ ታወቀኝ። ሰሚራ እኔን አየችና ወደ ሥዕሉ ተመለሰች።

«ፍየሏ ደህና ናት» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ እማማ ዘነቡ እግር አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቷን ዘረጋች። «እማማ፣ ይንገሩኝ።»

«ምን ልንገርሽ ልጄ? እኔ እኮ ብዙ ያየሁት ጀርባውን ነው» አሉ እማማ። «ጠዋት በር እከፍትለታለሁ፤ መኪናው አስፋልት እስኪይዝ ቆሜ አየዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ሲመጣማ መቼ አየዋለሁ? ውሃ ማሞቅ አለ፣ ራት ማቅረብ አለ፣ ልጆቹ ይጠመጠሙበታል፤ ቁጭ ብዬ ሳላየው እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲሄድ አይቼዋለሁ፣ በቃኝ። ሲመጣ አድርጊልኝ።»

ሰሚራ ወረቀቱን ውሃ አጠጣችው። እማማ አጠገቧ ሆነው ያዟታል። «በሩን ክፍት አድርጊው። እኔን ደጁ ላይ አቁሚኝ። ድስት አታስይዢኝ፣ ምንም አታስይዢኝ፤ እጄ ባዶ ይሁን። ዝም ብዬ እያየሁ ነው።» ሰሚራ አንዲት ትንሽ ሴት አቆመች። ከእግሯ ሥር መንገድ አወጣች፤ መንገዱ በግራሮቹ ጫፍ ላይ ሄዶ፣ ሐይቁን በላዩ ተሻግሮ፣ ሰማይ ውስጥ ገባ። እዚያ ላይ አቧራውን እያስነሳ አንድ መኪና ይመጣል። «ብርቱካን» አሉ እማማ፣ ብርቱካን ሆነ። እኔ እንኳን ላወራ አልተነፈስኩም። ሮማን ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፣ አውቄዋለሁ።

ሁሉም ሲያልቅ ከመኪናው መስታወት ኋላ የጥፍር ያህል ነጭ ቦታ ቀረች። ሰሚራ ብሩሿን አጠበችና ቀና አለች።

«ፊታቸውስ እማማ? ይንገሩኝ፣ ልሥራው።»

እማማ ዘነቡ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ብዙ ቆዩ። ሁላችንም ጠበቅን። ገለጡትና ሥዕሉን አዩት።

«ተይው» አሉ። «ገና መቂ ጋ ነው እኮ፤ ከዚህ አይታይም። ሲደርስ አየዋለሁ።»